ኦርጋኒክ የሚያሳልፍ ድንች

ጥርሱን ያመመው ሰው ጉንጩን ይዞ ዳንግላ ገበያ መሀል ይቁም። ወዲያው ቅርንፉድ ንከስበት የሚለው፣ አረቄ ተጉመጥመጥ የሚለው፣ በክር አስረህ ሳብና ተገላገለው የሚለው ይከበዋል። ልብ ብላችሁ ከሆነ ታዲያ ረጅሙን ምክር የሚሰጠው ጥርሱን ታሞ የማያውቀው ሰው ነው። ታሞ የሚያውቀውማ "አይ፣ እኔም አውቀዋለሁ" ብሎ ከንፈሩን መጦ ያልፋል። እኔ በዚህ አልፈርድም። መምከር ደስ ይላል። አያደክም፣ አያስወቅስ፤ ምክሩ ሳይሠራ ቢቀር እንኳ "እንደ ነገርኩህ አላደረግኸውማ!" ማለት ነው።

እኔን ያመመኝ ግን ጥርሴን አልነበረም። ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነበር።

ይህን ትምህርት ለማታውቁት (እንዴት ታድላችኋል!) በአጭሩ ላስረዳ። ካርበን የሚባል ነገር አለ። ይኸው ካርበን ከቢጤዎቹና ከሌሎች ጋር እየተያያዘ ስኳሩንም፣ ቅቤውንም፣ ናፍጣውንም፣ እኔና እናንተንም ይሠራል። የኮሌጁ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ነገር ይሥላሉ፤ ከጎኑ ቀስት ያሰምራሉ፤ ከቀስቱ ወዲያ ሌላ ባለ ስድስት ማዕዘን ይሥሉና ወደ እኛ ዘወር ብለው "ግልጽ ነው አይደል?" ይላሉ። ክፍሉ በሙሉ "አዎ!" ይላል። እኔም ከሰው ላለመለየት አብሬ "አዎ" ስል ከረምኩና በዓመቱ መጨረሻ ኤፍ ታቀፍኩ።

የምናወራው ስለ ደርግ ዘመን ነው። ኤፍ ላገኘን ሰዎች ድጋሚ ፈተና ለመስከረም ተቀጠረልን። ያለፈ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ የወደቀ ከኮሌጁ ይሰናበታል። ተሰናብቶ የመጣ ጎረምሳ ደግሞ ያን ጊዜ እናቱ ቤት ብዙ አይቀመጥም ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ በመጣ ቁጥር ቀበሌው አስቀድሞ የሚያስታውሰው ሥራም ትምህርትም የሌለውን ነው። ከእኛ ሰፈር የሄዱ ነበሩ፤ የተመለሱት ግን ሁሉም አይደሉም። እናቴ ስለዚህ ነገር ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ብቻ እኔ ደብተሬን ስገልጥ እሷ ተነስታ የራዲዮኑን ድምፅ ትቀንሰው ነበር። ሰው ከሚናገረው ሁሉ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ያ የራዲዮን መቀነስ ነበር።

ዳንግላ ደግሞ ወሬ አታሳድርም። ክረምቱ እንደ ገባ ከአውቶቡስ ወርጄ ሻንጣዬን ጋሪ ላይ ስጭን ባለጋሪው ገና ልጓሙን ሳይጨብጥ "ያ ኬሚስትሪ የሚሉት አስቸገረህ አሉ?" አለኝ። አስቸግሮኛል አልኩት። "ፈረስ ዳገት ላይ ሲገረፍ ጭራሽ ይቆማል። አንተም ራስህን አትግረፈው፤ በቀስታ ውጣው" ብሎ መከረኝና ይኸን ብሎ ሳይጨርስ ፈረሱን ሾጥ አደረገው።

ይህ የመጀመሪያው ምክር ነበር። ሌላው በስብሰባ መጣ።

የቀበሌያችን ወጣቶች ማኅበር ሰብሳቢ ጓድ አንለይ ይባላል። ቀጠን ያለ፣ ልቡ ቀና የሆነ፣ ግን ማናቸውም ችግር በስብሰባ የማይፈታ ከሆነ ችግሩ ራሱ ጥፋተኛ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ጎርፍ ድልድዩን ሲወስደው ሰብስቦናል፤ የኳስ ቡድናችን ሲሸነፍ ሰብስቦናል። የእኔን ኤፍ ሲሰማ ደግሞ ጉዳዩ የግል እንዳልሆነ ገባውና ለክረምት ቤታቸው የገቡትን የኮሌጅ ተማሪዎች ከእንጅባራ ድረስ አስጠርቶ፣ እሑድ ጠዋት ልክ የቅዳሴ ሰዓት ላይ "ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን በማለፍ ረገድ የተሞክሮ ልውውጥ" የሚል ስብሰባ ጠራ። እኔ ፊት ወንበር ላይ እንድቀመጥ ተደረግሁ። ለቅሶ ቤት እንደ ተቀመጠ ሐዘንተኛ የገባው ሁሉ እጄን እየጨበጠ "አይዞህ" ይለኛል።

ግራ እጃችንን አንስተን መፈክሩን አሰማንና ውይይቱ ተከፈተ። አንዱ ተነሳና መድኃኒቱ ሽምደዳ ነው፤ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ሸምድደህ ፈተናው ላይ መዘርገፍ ነው አለ። ሁለተኛው ሽምደዳ የአድኃሪ ሥርዓት ቅሪት ነው፤ መረዳት ነው እንጂ አለ። ምኑን እንደምረዳ ግን አልተናገረም። ሌላው ፊት ወንበር መቀመጥ ነው ሲል፣ የፊት ወንበርማ ጠመኔ ከማስቃም ሌላ ጥቅም የለውም፤ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች ፈልጎ መሥራት ነው የሚል መጣ። በቡድን ማጥናት ነው ተባለ፤ በቡድን ማጥናት ወሬ ነው ተባለ። መተኛት ነው፤ አለመተኛት ነው። ምክሩ ሁሉ ሲደማመር ተኝቼም ነቅቼም፣ ብቻዬንም ከሰው ጋርም ማጥናት እንዳለብኝ ገባኝ።

በመጨረሻ ስሜነህ ተነሳ። ስሜነህን ማየት ነበረባችሁ። ድምፁ ከደረቱ ይነሳል፤ እጁ አየሩን ይቆርጠዋል። "ጓዶች! ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የሚሸነፈው በቆራጥነት ነው!" አለ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ። ስሜነህ ኬሚስትሪን ገና ሳይጀምረው ጥሎ ወደ ታሪክ ክፍል መግባቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት ጓድ አንለይ "ከሴት ጓዶችም እንስማ" አለ። ሴት የነበረችው አስካለ ብቻ ናት። የእንጅባራ ልጅ ናት፤ ኋላ ጥግ ላይ ነጠላዋን እስከ አገጯ ተከናንባ ተቀምጣለች። በዚያ ዓመት ከእኛ ክፍል በኦርጋኒክ ኤ ያገኘችው እሷ ነበረች፤ ይህን ግን ማንም አልጠየቃት። ተነሳችና "እኔ እንጃ። በእጄ እሠራዋለሁ" ብላ ቁጭ አለች።

"ጓድ አስካለ ጊዜያችንን ስለቆጠበችልን እናመሰግናታለን" አለ ጓድ አንለይ።

ስንወጣ በር ላይ ጠብቄ "በእጅሽ ምኑን ነው የምትሠሪው?" አልኳት።

"በአፍ አይሆንልኝም። እንጅባራ ብቅ ብትል አሳይሃለሁ" አለችኝ።

ሄድኩ። እንጅባራን በክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጉሙ ቤት ውስጥ ድረስ ገብቶ ከሰው ጋር እሳት ሊሞቅ ይቃጣዋል። አባቷ ከቀርቀሃ ወንበርና አልጋ የሚሠሩ ሰው ናቸው። አስካለ ከአጠገባቸው ተቀምጣ ከወዳደቀው ቀርቀሃ ስንጥሩን ሰበሰበች፤ ከጆንያ ድንች አፈሰሰችና አንዱን ድንች በአራት በኩል ስንጥር ሰካችበት።

"ይኼ ካርበን ነው። አራት እጅ አለው። ሦስት አይደለም፤ አምስት አይደለም። አራቱም እጆቹ የሆነ ነገር መያዝ አለባቸው። በቃ።"

"ይኼንንማ መምህሩም ብለውታል።"

"ብለውታል። አንተ ግን ቆጥረኸው ታውቃለህ?"

አላውቅም። ድንቹን ከድንች አያያዘችው። ሰሌዳ ላይ ጠፍጣፋ የነበረው ነገር እጇ ላይ ዞረ፤ ተገለበጠ፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው እንዴት ቦታው እንደሚገባ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። አባቷ ቀና ብለው በአዊኛ አንድ ነገር አሉና ሳቁ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"እንግዳውን ጥሬ ልታበይው ነው ወይ ነው የሚሉት" አለች። ቀቅለው አብልተውኝ፣ አንድ እቅፍ ስንጥርና እዚያው አካባቢ ጥርባ በሚባል አገር የበቀለ ድንች በከረጢት አስይዘው ሸኙኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት አልሆነም። መደቡ ላይ ድንች፣ መስኮቱ ላይ ድንች፣ ሁሉም እርስ በርሱ በስንጥር ተወጋግቶ ተጋድሟል። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ወንፊት ሊዋሱ ገብተው ይህን ሲያዩ አማተቡ።

"አንቺ፣ ልጁን ምን ነካብሽ? ይኼ የሰው እጅ አለበት!"

"ትምህርት ነው" አለች እናቴ፣ ራሷ ያዘዘችው በሚመስል ኩራት። "በአንድ እጁ ይዞ የማይለቀው ይኼኛው ነው፤ በሁለት እጁ የያዘው ያኛው።"

እናቴ ይህን ያወቀችው ከእኔ ነው። የማስረዳው ሰው ሳጣ ለእሷ ነበር የማስረዳው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ የተማረች ናትና እንደ ጥሩ ተማሪ ጠያቂ ነበረች፤ እኔን የሚጠቅመኝም መጠየቋ ነበር። አንድ ጠዋት ታዲያ መስኮቱ ዘንድ ቆማ ጠራችኝ።

"አራት ነው ያልከኝ አይደል?"

"አዎ።"

"ይችኛዋ አምስተኛ አበቀለች።"

እውነቷን ነው። የክረምቱ እርጥበት ከድንቹ ዓይን አንድ ነጭ ቡቃያ አውጥቷል። "ቡቃያ ነው እኮ እማዬ፤ አይቆጠርም" አልኳት። እሷ ግን አልተዋጠላትም። "ሕግ ሕግ ነው" አለችና በጥፍሯ ቀነጠሰችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ካርበኖቹን እየዞረች መጎብኘትና ትርፍ እጅ ያበቀለውን መቀንጠስ የእሷ ሥራ ሆነ። ትርፉን እጅ እየቀነጠሰች ከፊቷ ላይ አንዳች ጭንቀትም አብራ የምትቀነጥስ ይመስለኝ ነበር።

መስከረም ደረሰ፤ ሄጄ ተፈተንኩ። ትልቁ ጥያቄ ላይ መልሴን ሥዬ ጨርሼ፣ አምሮልኝ፣ ላስረክብ ከወንበሬ ብድግ እንዳልኩ "ይችኛዋ አምስተኛ አበቀለች" የሚል ድምፅ ጆሮዬ ላይ አቃጨለ። ተመልሼ ተቀመጥኩና የእያንዳንዱን ካርበን እጅ ቆጠርኩ። መሀል ላይ ያለው አምስት ነበረው። ቀነጠስኩት። እሱ ሲቀነጠስ ከጎኑ ያለው ተቃና፤ እሱ ሲቃና ሌላው ገባኝ። ውጤቱ ሲለጠፍ ሲ አገኘሁ። ኤ አይደለም፤ ግን ሲ ከኮሌጅ አያስወጣም። ቤት መጥቼ ስነግራት እናቴ አልጮኸችም፣ እልልም አላለች። ሄዳ የራዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገችው። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

በሚቀጥለው ክረምት የእትዬ ጥሩዬ ልጅ ደሴ በተራው በኦርጋኒክ ወደቀ። ጓድ አንለይም በተራው ስብሰባ ጠራ። ዘንድሮ ፊት ወንበር ላይ ሐዘንተኛው ደሴ ነው፤ እኔ ተሞክሮ አቅራቢ ነኝ። አዳራሹ አፌን አፌን ያየኛል። ስሜነህ ደህና ዓረፍተ ነገር እንደማመጣ ተስፋ አድርጎ ለማጨብጨብ መዳፉን አዘጋጅቷል። እውነቱን ተናገርኩ።

"ድንች ላይ ስንጥር እየሰካሁ ሠራሁት። የካርበንን እጅ ቁጠሩ። አራት ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው እህህ ብሎ ሳለ።

"ሌላስ?" አለ ጓድ አንለይ።

"ሌላ የለም።"

"እንግዲህ ጓዳችን ለጊዜው የተደራጀ ተሞክሮ የለውም" ብሎ ወደ ስሜነህ ዞረ። ስሜነህ ስለ ቆራጥነት ተናገረ፤ አዳራሹ ተናጋ። ከጭብጨባው መሀል ደሴን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ባዶ ወረቀት ላይ "ቆራጥነት" ብሎ ጽፎ ያየዋል። እኔም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬበት ነበርና አንጀቴን በላኝ።

ግን አንድ ሰው እኔን ሰምቶኛል። በማግስቱ ገበያ ላይ እትዬ ጥሩዬ የድንች ሻጮቹን ተራ በተራ ሲያዳርሱ አየሁ። "የጥርባ ነው? የጥርባ ካልሆነ አልፈልግም። ለኦርጋኒክ ነው" ይላሉ። ሻጯ ሴትዮ አላመነታችም። "ይኼ እኮ ዋናው የኦርጋኒክ ነው" አለቻቸው። ወሬው ሳይውል ሳያድር ዞረና በሳምንቱ ልጃቸው ማትሪክ የሚፈተንባቸው እናቶች ሁሉ የኦርጋኒኩን ድንች ይጠይቁ ጀመር። የቆጠራውን ነገር ያነሳ የለም። ደሴ ቤት ሄጄ ላስረዳው ብሞክር እትዬ ጥሩዬ በር ላይ "ልጄን እንዳትረብሸው፣ እያጠና ነው። ድንቹ አለን" ብለው መለሱኝ።

መስከረም ላይ ደሴ ተፈተነ። አለፈ። ያን ቀን ከእነሱ ቤት የራዲዮ ድምፅ እስከ እኛ ግቢ ይሰማ ነበር፤ ምን እንደሚል አላዳመጥኩም፤ ጮክ ማለቱ ብቻ በቃኝ። ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ሄጄ አቀፍኩትና ድንቹን እንዴት እንዴት እያደረገ እንደሠራበት ጠየቅሁት።

"የቱን ድንች?" አለ ግራ ተጋብቶ። "እማዬ አልጫ እየሠራችው ስበላው ከረምኩ እንጂ።"

ያለፈበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አላወቅሁትም፤ እሱም አያውቀው። ማታ ላይ እትዬ ጥሩዬ ወንፊቱን ሊመልሱ እኛ ቤት መጡ። ዓመት ሙሉ እሳቸው ዘንድ ከርሟል። መደቡ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና ወደ እኔ አየት አድርገው፣ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አይክፋሽ እንጂ" አሉ፣ "የእኔው ልጅ ድንቹን ሳይወጋጋውም አልፏል።"