ንቦቼ የተከሰሱ ዕለት

ዘበኛ ሆኖ የማያውቅ ሰው «እጄ ንጹሕ ነው» ብሎ ቢምል አምነዋለሁ። ዘበኛ ከሆነ ግን ከመማሉ በፊት የእኔን ጉድ ይስማ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ማንኩሳ አጠገብ አንዲት ጋራ አለችን፤ ከላይ ወይራና ዋንዛ፣ ከሥር አደይ አበባና ማገጥ የሚሉት ሣር የሚነጠፍባት መስክ። ገበሬ ማኅበራችን ከብት እንዳይገባባት ከለላትና እኔን ጠባቂ አደረገኝ። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነውና ሹመቱ... ምን ልበላችሁ፣ አረማመዴን ሳይቀር ለወጠው። የገባውን ከብት ሁሉ እየነዳሁ የማኅበሩ በረት አስገባ ጀመር። የጎረቤቴን የእትዬ ጥሩነሽን ጥጃ እንኳ አልማርኩም።

«ጥጃ እኮ ናት፣ አያ ፈንቴ። ሕግ የት ታውቃለች?»

«ሣሩን ካወቀች ሕጉንም ትወቅ» አልኳቸው።

ጥጃዋ በረት እንዳለች፣ በጥቅምት አንድ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። መስኩ ለከብት ይከፈት ወይስ ይቆይ? ከተከፈተ አበባው በሳምንት ይጋጣል፤ ዛፉም ዓመት አይቆይም። ልከራከር ጉሮሮዬን ስጠራርግ እትዬ ጥሩነሽ ቀድመውኝ ተነሡ።

«መጀመሪያ የአያ ፈንቴ መንጋ ይጠየቅልኝ።»

«የእኔ ከብት መች ገብቶ ያውቃል?»

«ንቦችዎ ናቸዋ። ጧት ይሰማራሉ፣ አበባውን ሲግጡ ይውላሉ፣ ማታ ጠግበው ይገባሉ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም።

«ጓድ ፈንቴ» አሉኝ። ዘወትር «አያ» የሚሉኝ ሰው «ጓድ» ሲሉኝ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ። «ንቦቹ የእርስዎ ናቸው?»

አይደሉም ብል ማሩ ሊሄድብኝ ነው። «የእኔ ናቸው።»

«እንግዲያው እንደ ጥጃዋ በረት ይግቡ።»

ብልኅ ሰው ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን አኮረፍኩ። ሄጄ ቀፎውን ከዛፍ አወረድኩ፤ አፉን በእርጥብ እበት ደፈንኩና ተሸክሜ ተመለስኩ። «ተከሳሾቹ እነሆ» ብዬ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ዘፍ ሳደርገው... እበቱ ወለቀ።

ሊቀመንበሩ ማኅተማቸውን ጥለው አጥር ዘለሉ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው በረት ገቡና ከጥጃቸው ጀርባ ተሸሸጉ። ከሁሉ በላይ የተነደፍኩት እኔው፣ የንቦቹ ጌታ ነኝ ባዩ ነኝ። ዓይኔ ሦስት ቀን ሳይከፈት ቆየ። መስኩማ ጨርሶ ሳይከፈት ቀረ፤ ያን ነገር ዳግም የሚያነሣ ቢገኝ «ተው፣ ፈንቴ ተከሳሾቹን ያመጣል» እያሉ ያስቀምጡታል።

ዛሬም መስኩን ያተረፈው ፈንቴ ነው ሲባል ወደ ቀፎዬ እጠቁማለሁ። እኔ በዱላ ያልቻልኩትን ንቦቹ ያለ ሹመት እንደሠሩት አውቃለሁና።

ለእርቅ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ለእትዬ ጥሩነሽ ወሰድኩላቸው። ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይጣፍጣል። ጥጃዬም እኮ ይህንኑ ብላ ነበር የገባችው።»

ከዚያ ወዲያ ያችን ጥጃ መስኩ ውስጥ ባገኛት በረት አላስገባኋትም። አጅቤ ቤቷ አደርሳት ነበር።