የጋሼ አብዱልመሊክ የፍላሽ ኬላ

በር ቆልፎ አሥር እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ ቁልፉን የሚነካካ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። እንዲህ ያለው ሰው ሚስቱን ያሰለቻል፣ ለጎረቤት መሳቂያ ይሆናል፤ ሌባ ግን አይወደውም። መቱ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ጋሼ አብዱልመሊክ ናቸው። የቤታቸውን በር እንኳ ክፍት ጥለው ሊወጡ ይችላሉ፤ እሳቸው የሚጠብቁት የኮምፒውተራቸውን የፍላሽ መሰኪያ ነው።

ከስልጤ መጥተው መቱ ከከተሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። የጽሕፈትና የሕትመት ቤታቸው ታፔላ ላይ የተጻፈው ስም ሌላ ነው፤ ደንበኛው ግን «ኬላው» ነው የሚለው። የሠርግ ፎቶ የሚያነሳው ናትናኤል፣ «የአንዷን ሙሽራ ፎቶ ኬላው ሲፈትሽልኝ ልጇ ክርስትና ተነሣ» እያለ ያማቸዋል። ቢሆንም አሁንም የሚያሳትመው እዚያው ነው።

ቢሊሴ ኬላውን የተዋወቀችው በመመረቂያ ጽሑፏ ምክንያት ነው። መቱ አቅራቢያ ባለችው ሁሩሙ መምህርት ነች፤ ስለ አካባቢዋ ንብ አናቢዎች ለሁለተኛ ዲግሪዋ እየጻፈች ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ መቱ ትመላለስ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ገና ከበሩ ፍላሿን ዘረጋች።

«አካም ቡልቴ፣ የኔ ልጅ?» ብለው እንዴት እንዳደረች በኦሮምኛ ጠየቋት ጋሼ።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ ጋሼ። አሥር ገጽ ነው የማሳትመው።»

ጋሼ ፍላሿን በሁለት ጣት አንጠልጥለው አገላበጧት። «የት የት ዋለች?»

«ማን?»

«እሷ፣ ፍላሿ ናታ።»

ቢሊሴ ግራ እየገባት ዘረዘረች፤ ትምህርት ቤት፣ የጓደኛዋ ላፕቶፕ፣ ወረዳ፣ አንድ የስልክ ጥገና ቤት። «ስንት ቤት ገብታለች!» አሉ ጋሼ፣ ከልባቸው አዝነው።

ከዚያ ሥርዓቱ ተጀመረ። የጋሼ ኮምፒውተር ከውጭ ሲያዩት አንድ ነው። ውስጡ ግን እንደ ቤት በክፍል በክፍል ተለይቶ፣ እርስ በርስ የማይተያዩ ብዙ ኮምፒውተሮች ይኖሩበታል። የተማረው ቨርቹዋል ማሽን ይላቸዋል፣ ጋሼ «ክፍሎቼ» ይሏቸዋል። አንዱ ለማተሚያው፣ አንዱ ለኢንተርኔት፣ አንዱ ለግል ወረቀታቸው። ፍላሽ ስትሰካ በር ላይ ወዳለው ክፍል ብቻ ትገባለች፤ እዚያም ትቆማለች እንጂ የሚከፍታት የለም። ጋሼ ለዚያ ደንበኛ ብቻ የሚሆን ጊዜያዊ ክፍል ከፍተው በእጃቸው ያገናኟታል። ፋይሉ እዚያ ይከፈታል፣ ወደ ማተሚያው የሚሻገረው የገጹ ምስል ብቻ ነው። ሲያበቃ ፍላሿን ከክፍሉ አላቀው ያሰናብቷታል፤ ክፍሉም ከነኮተቱ ይፈርሳል። ቫይረስ ካለ አብሮ ይፈርሳል።

የኬላው ሕግ አንድ ነው፤ «ሳላሰናብታት እንዳትነቅሏት!» አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ «መኪና ቆሞብኛል» ብለው ፍላሻቸውን ራሳቸው ነቀሉ። ክፍሉ አልንቀሳቀስ ብሎ ደርቆ ቀረ። ጋሼ ቁጣ አያውቁም። ክፍሉን ዘግተው እንደገና ከፈቱ፣ ተራ የሚጠብቀውን ሁሉ አስተናገዱ፣ ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረው በታላቅ ትሕትና፣

«የት የት ዋለች?»

«አሁን ነገርኩዎት እኮ!»

«ከዚያ ወዲህስ?»

ከዚያ ወዲህ ፍላሿ ከኃላፊው መዳፍ አልወጣችም። ጋሼ ግን የመዳፉንም ጉዳይ ያሰቡበት ይመስሉ ነበር።

ቢሊሴ ጽሑፏን እዚያው መቱ ባለው ዩኒቨርሲቲ መምህራን ፊት የምታቀርበው አንድ ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። የምትጽፍበት ኮምፒውተር በዚያው ሳምንት ተበላሽቶ፣ የመጨረሻው እርማት ያለው ፍላሿ ላይ ብቻ ሆነ። ሦስት ሰዓት ላይ መቱ ስትደርስ ኬላው ደጃፍ ሰባት ሰው ተሰልፏል። ሰዓቷን አየች፣ ሰልፉን አየች፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሌላ ማተሚያ ቤት ተሻገረች። እዚያ ጥያቄ የለም። ሠራተኛዋ ፍላሿን ተቀብላ ወዲያው ሰካቻት።

የምዕራፎቹ ስሞች ብቅ አሉ፤ አንዱም ግን አልከፈት አለ። ሠራተኛዋ ደጋግማ ተጫነች።

«ባዶ ነው። ፎርማት ላድርግልሽ? ይጸዳል» አለቻት።

ቢሊሴ ፍላሿን ነጥቃ ወጣች። ሰልፈኛው ፊቷን ሲያይ ያለ አንዳች ጥያቄ አሳለፋት።

«የት የት ዋለች?» አሉ ጋሼ።

ልትዋሽ አሰበች። ከሁሩሙ በቀጥታ መጣሁ ማለት ቀላል ነበር። «ማዶ» አለች፣ ዓይኗን ሰብራ።

ስብከት ጠብቃ ነበር፤ ጋሼ ግን እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ፍላሿን ወደ አዲስ ክፍል አገናኝተው ጥቂት አዩ።

«አልጠፋም። ተደብቆ ነው» አሉ። «ቫይረሱ ፎልደሮችሽን ሸሽጎ በእነሱ ስም ማታለያ አስቀምጧል። ማዶ ሲነኩት ኮምፒውተሩ ይታዘዝለታል። እዚህ ቤት ግን ቋንቋውን የሚሰማ ክፍል የለም።»

«ዋቆ፣ አምላኬ! ሁሉም አለ?»

«መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ንቦችሽም እንዳሉ ናቸው።»

ጋሼ ጽሑፉን ብቻ ለይተው ሲገለብጡ ቢሊሴ ከደስታ ብዛት እጇ ሳይታወቃት ወደ ፍላሿ ሄደ።

«ተዪ!»

ጋሼ ሲጮኹ ሰው ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። የቢሊሴ እጅ አየር ላይ ቀረ። ናትናኤል ከሰልፉ ውስጥ ሳቀ፣ ጋሼም አፍረው «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ፣ ግልበጣው ግማሽ ላይ ነበር» አሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ አራት ቅጂዎች ታተሙ። ቢሊሴ በባጃጅ በረረች። መምህራኑ ጥቂት አመሰገኗት፣ ብዙ አረሟት፣ በመጨረሻ አሳለፏት።

የታረመውን ልታስጠርዝ በሁለተኛው ሳምንት ስትመጣ፣ ጋሼ ሲያትሙ የምስጋናው ገጽ ላይ ቆሙ። ከአማካሪዋና ከእናቷ ቀጥሎ የእሳቸው ስም አለ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አነበቡ።

«ይኼ ምንድነው? ስሜን ለምን ትበትኚዋለሽ?»

«ጋሼ፣ ምስጋና ነው እኮ።»

«የት ነው የሚቀመጠው?»

«ላይብረሪ።»

«ማን ያነበዋል?»

ቢሊሴ እውነቱን መናገር ነበረባት። «ማንም አያነበውም።»

ጋሼ «እንግዲያው ይሁን» ብለው ማተሙን ቀጠሉ። ሁሉም ሲያልቅ ያቺን ገጽ ብቻ ደግመው አወጧትና ወደ መሳቢያቸው ከተቱ።

«ያቺስ?» አለች ቢሊሴ።

«ቀለሟ አላማረኝም። የምትጣል ናት።»

ገጿ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለች ነበረች። ቢሊሴ አየች። ጋሼ መሳቢያውን ሲቆልፉ፣ ሳያፍሩ ተመልሰው ቁልፉን እንዲነካኩት ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረችላቸው።