አንባቢው ገዳዩን ያውቃል

መጽሐፍ በጆሮው የሚያነብ ሰው ደራሲውን ከልቡ ወቅሶ አያውቅም። ታሪኩ መሀል ላይ ቢፈርስ፣ ጀግናው ያለ ምክንያት ቢሞት፣ ይቅር ይላል። ይቅር የማይለው የሚያነብለትን ሰው ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ምራቁን የዋጠ አንባቢ በዚህ ዓለም ምሕረት የለውም። እንዲህ ያለ አድማጭ በየሕንፃው አንድ አይጠፋም። ስዊድን፣ ሄርኖሳንድ ከተማ ባለው የእኛ ሕንፃ ግን ሁለት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ስለ እኔ ቆይቶ ይደረስበታል፤ ቅድሚያ ለታላቅ።

ክብርት ጉንቮር የምድር ቤቱ የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የበላይ ጠባቂ ናት። ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሰባ ስምንት ዓመቷ። አንቺ ነው የምንላት። አንድ የባንክ ሠራተኛ አንቱ ቢላት፣ "ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?" ብላ ባንክ ቀይራለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ መጽሐፍ በጆሮዋ ብቻ ነው የምታነበው፤ ያውም ልብስ እያጠበች። ትንሿን ድምፅ ማጉያ የልብስ ማድረቂያው ማሽን ላይ ታስቀምጥና አግዳሚው ላይ ትሰየማለች።

"በማድረቂያ ያልተፈተነ ድምፅ፣ ድምፅ አይባልም" ትላለች።

ስንት ስመ ጥር ተዋናይ በዚያ ማሽን ወድቋል! አንዱን "ጉንፋን የያዘው" ብላ ሰይማዋለች፤ አንዷን "የአውሮፕላን ጣቢያዋ ሴትዮ"። ከሁሉ የከፋው ኃጢአት ግን ሌላ ነው፤ አንባቢው መጽሐፉን አስቀድሞ ጨርሶ ገዳዩን ማወቁ በድምፁ ሲታወቅበት። ገና ታሪኩ ውስጥ አንድ ጨዋ ሽማግሌ ገብተው "ደህና ዋላችሁ" ከማለታቸው ጉንቮር ከአግዳሚው ብድግ ትላለች።

"ሰማኸው? ድምፁ አሳበቀበት! እኚህ ናቸው የገደሏት!"

ከሦስት አንዴ ብትስት ነው።

ሁለተኛው ሕጓ ተራን ይመለከታል። ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ፤ እያንዳንዱ ቤት የቤት ቁጥሩ ያለበትን ትንሽ ቁልፍ በፈለገው ቀንና ሰዓት ላይ ሰክቶ ተራ ይይዛል። ተራ ይዞ አለማጠብ እኛ ዘንድ ከስርቆት ይከፋል። አምና የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ተራ ይዞ ቀረ። በማግስቱ ሰሌዳው ላይ እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጠፈ፦ "ውድ ጎረቤት፣ ያልታጠበው ልብስህ እንዴት ሰነበተ? ጉንቮር።" ሰውዬው እስከ ፋሲካ በጓሮ በር ነበር የሚገባው።

አሁን ወደ እኔ። እኔ ማታ ማታ ብቻዬን ጨለማ ውስጥ ተኝቼ የማዳምጥና ጠዋት የምፈርድ ሰው ነኝ። በመጻሕፍቱ መተግበሪያ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አስተያየት ከነኮከቡ ጽፌያለሁ። ከነዚህ አንዱ ብቻ "ጠቃሚ ነው" የሚል ምልክት አግኝቷል፤ እሱንም በስህተት የነካሁት እኔው ነኝ። አብራኝ ታዳምጥ የነበረች አንዲት ልጅ ስለ እናቷ ሕመም እያለቀሰች ስትነግረኝ፣ "እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብትዪ ጥሩ ነበር" ያልኳትም እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነው የማዳምጠው።

በጥቅምት ወር፣ ጉንቮር አሥራ አንድ ዓመት ስትከታተለው የኖረችው የወንጀል ታሪክ ዘጠነኛውና የመጨረሻው ክፍል ወጣ። የቀደሙትን ስምንቱን በድምፅ ያነበቡት የሰሜን ሰው ግን በበጋው ሞተዋል። ማድረቂያው በሙሉ ኃይሉ እየዞረ እንኳ ሹክሹክታቸው ይሰማ ነበር። ዘጠነኛውን አንድ ወጣት ተዋናይ አነበበው። ጉንቮር አራት ደቂቃ ሰማችውና ዘጋችው።

"ይሄን አላዳምጥም።"

አንሶላ እያጠፍን ነበር፤ በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው እሷ።

"መጨረሻውስ?" አልኳት።

"ሳላውቀው እሞታለሁ። ሰው ስንቱን ነገር ሳያውቅ ነው የሚሞተው።"

ይህን ስትል አንሶላውን መሳቧን አቆመች። በእሷ በኩል ያለው ጫፍ ረገበ። እንደዚያ ስትሆን አይቻት ስለማላውቅ አፌ ቀደመኝ።

"እኔ ላንብብልሽ?"

"አንተ? አንተ ሰላም ስትል እንኳ መች ይሰማል?"

"ተለማምጄ እመጣለኋ።"

"ማድረቂያው ይበራል፣ ነግሬሃለሁ።"

"ይብራ።"

መጽሐፉን ገዝቼ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። ለእያንዳንዱ ሰው ድምፅ አወጣሁለት። ከግድግዳው ጋር ስለማመድ ጎረቤት ደህንነቴን ሊጠይቅ በር አንኳኳ።

ቀኑ ደረሰ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ምራቄን ዋጥኩ። ሁለተኛው ላይ ሴቶቹ ሁሉ ጉንፋን ያዛቸው። የገጠሩ ቄስ እንደ አየር ትንበያ አቅራቢ ተናገሩ። ጉንቮር ዓይኗን ጨፍና ጥፋቴን በጣቷ ትቆጥራለች። ማድረቂያው ሲነሣ መጮህ ግድ ሆነብኝ። "ሬሳው ጀልባው ውስጥ ነው!" ብዬ ስጮህ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ቅርጫቱን ይዞ በሩን ከፈተ፤ ቀስ ብሎም መልሶ ዘጋው።

ገጽ አርባ አንድ ላይ የመንደሩ ፖስተኛ ገባች። "ደህና ዋላችሁ" አለች። ይህችን ቃል ሳምንት ሙሉ ተለማምጃታለሁ፤ ምንም ነገር እንዳይገኝባት አድርጌ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥኳት።

ጉንቮር ዓይኗን ገለጠች።

"ድምፅህ አሳበቀብህ። ፖስተኛዋ ናት።"

"ኧረ አይደለችም" አልኩ። እሱም አሳበቀብኝ።

ቅርጫቷን አንሥታ ወጣች። ሴትዮዋ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችውን ነገር በአርባ አንድ ገጽ አቃጠልኩባት። ያን ሁሉ አንባቢ በአንድ ኮከብ የቀጣሁት ሰውዬ፣ ለራሴ የምሰጠው ኮከብ አጣሁ። ሦስት ቀን እኔም በጓሮ በር ገባሁ።

በአራተኛው ቀን ካልሲ አለቀብኝና ተራ ልይዝ ምድር ቤት ወረድኩ። ሰሌዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ዓይኗ የደከመ ሰው በሚጽፈው ትልልቅ ፊደል።

"ውድ ጎረቤት፣ ምራቅህን ትውጣለህ። ሴቶችህ ሐኪም ይፈልጋሉ። ሁለት ኮከብ። ፖስተኛዋ መግደሏን አውቄያለሁ፤ ለምን እንደገደለች ግን አላወቅሁም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተራ ይዣለሁ። የማጥበው ልብስ የለኝም። ጉንቮር።"

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ ወረቀቱን ቶሎ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ይህን የሚያህል ወንጀል የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ እጅ መግባት የለበትም።