የቦራ ምላስና ጋሽ ወንድይራድ

ሁሉን አዋቂ የሌለው ሰፈር የለም። መንግሥት መብራት ቢነፍገን እንኳ እግዜር እሱን አይነፍገንም። ለእኛ ለዲላዎቹ የደረሱን ክቡር ጋሽ ወንድይራድ ናቸው፤ ባጃጅ ሲበላሽ ሜካኒክ፣ ሰው ሲታመም ሐኪም። ንግግራቸው ሁሉ «ነገሩ ግልጽ ነው!» ብሎ ይጀምራል። እሳቸው ግልጽ ነው ባሉ ቁጥር እኔ ግራ ይገባኛል።

በቀደም ላማችን ቦራ መብላት አቆመች። የእንሰት ቅጠል ስናቀርብላት አሽትታ ትተወዋለች፤ ለሃጯ ብቻ ይዝረበረባል። ባለቤቴ አሰፋች «ሳትሞትብን ለሥጋ ቤቱ እንስጣት» ብላ ደወለች፤ ሰውየው ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ አለ። ልጆቼ ያደጉት በቦራ ወተት ነው።

ጋሽ ወንድይራድ ሳይጠሩ መጡ። መንጋጋዋን ፈልቅቀው ምላሷን በጎን ሳቡና «እየው!» አሉኝ። ጫፉ ሹል ነው፤ ላዩ እንደ ሞረድ ይሻክራል። ወደ ጉሮሮዋ ጠጋ ሲል ግን ጉብ ያለ ነገር አለ።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤ እጢ ነው!»

«በምን አወቁ ጋሼ?»

«ታዲያ ጉብታ ምላስ ላይ ምን ይሠራል? አንተ አለህ?»

ምላሴን በጣቴ ዳሰስኩ። የለኝም።

ለማመሳከር የእማማ አትጠገብን ላም አፍ አስከፈቱ፤ ጉብታ አላት። የጎረቤታችን የአማኑ በሬም አለው። የእማማ ላም ጥጃ እንኳ አላመለጠችም። ጋሼ ፊታቸው ዳመነና «ወረርሽኝ ነው!» ብለው አወጁ። ታመመ የተባለው በሬ ግን ተኝቶ ያመሰኳል። አማኑ በሬውን ሊሸጥ፣ እማማ አትጠገብ ወተታቸውን ሊደፉ ተነሡ። እኔ ማንን እንደምሰማ ቢጠፋኝ የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልኩ።

የእንስሳት ሐኪሟ ራሄል ደርሳ ወሬውን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ ከብት ሁሉ እንዲህ ነው የተፈጠረው! ከፊት የላይ ጥርስ ስለሌለው ሣሩን በምላሱ ጠምጥሞ ይነጫል፤ በጉብታው ደግሞ ላንቃው ላይ ይጫነዋል።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አሉ ጋሼ፣ ያለ አንዳች እፍረት።

«ታዲያ ለምንድን ነው የማትበላው?» አልኩ።

«አፏን በደንብ ላየው» ብላ ራሄል መሣሪያዋን ልታመጣ ወደ ሞተር ብስክሌቷ ሄደች። ጋሼ ምን በወጣቸው ይጠብቃሉ! እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ቦራ አፍ ውስጥ ከተቱ። ቦራ በመንጋጋ ጥርሷ ነከሰቻቸው። «ወይኔ እናቴ!» ብለው ሲያወጡት እጃቸው ደምቷል፤ በጣቶቻቸው መሀል ግን የቀርከሃ ስንጣሪ ይዘዋል። ላንቃዋ ላይ ተጋድሞ ተቀርቅሮ ኖሯል።

ቦራ ትንሽ ቆይታ ቅጠሉን በምላሷ ጠቅልላ ጎረሰች። አሰፋች እያለቀሰች ለሥጋ ቤቱ «አትምጣ» ብላ ደወለች።

እጃቸውን በጨርቅ እያሰርኩላቸው «ስንጣሪ እንዳለ ያውቁ ነበር ጋሼ?» አልኳቸው።

ወደ መሬት አዩ። «ኧረ ምኑን አውቄ፣ ልጄ! ነገ ሊያርዷት አልነበር? ቆሜ ልያት?»