አያ ፈንታው እና የደጎሎው ከመነዳሪ

በየወንዙ ዳር አንድ ተጠራጣሪ አይታጣም። ለእኛው በሽሎ የደረሱት ሊቀ ጠርጣሪያን አያ ፈንታው ናቸው። ሌላው ሰው "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር" ብሎ ያልፋል። እሳቸው ስንጥሩን ማን እንደከተተው ሳይጠይቁ አይጎርሱም።

ሥራቸው ሰው ማሻገር ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የፍየል ስልቻ በአፋቸው ነፍተው በጠፍር ያስሩና በደረታቸው ይተኙበታል፤ መንገደኛውን ከጎናቸው አስይዘው ማዶ ያደርሱታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሃው አንድም ሰው አልወሰደባቸውም። ከማሻገራቸው በፊት ግን ምርመራ አለ። "እንዴት ዋሉ?" ቢሏቸው መልሳቸው "ማን ላከህ?" ነው። የመሠረተ ትምህርቱ ዘማች ስምዎን ይጻፉ ቢላቸው "ጽፌ ለማን ልትሰጥብኝ?" ብለው እርሳሱን መለሱለት። እውነት ለመናገር በዚያ ሰሞን ስሙ የተጻፈ ሁሉ በሰላም አያድርም ነበር። እሳቸው ግን ቄሱ ሲባርኳቸውም ቀና ብለው የቄሱን እጅ ያያሉ።

በ1972 ሐምሌ፣ መካነ ሰላም ሳስተምር፣ ማዶ ቆላ ያለችው እናቴ ንግሥቴ በወባ መውደቋን ሰማሁ። ክኒን ይዤ ሁለት ቀን ተጉዤ ወንዙ ዳር ብደርስ የአያ ፈንታውን ስልቻ አይጥ ቀዶታል። የቀረው መለሰ የሚባለው የደጎሎ ከተማ ሾፌር የሰጣቸው የጭነት መኪና ጎማ ከመነዳሪ ብቻ ነው፤ ተነፍቶ፣ ተወጥሮ፣ እንዳለ በበቅሎ ተጭኖ የመጣ።

"ማን ነፋው?" አሉኝ።

"ፓምፕ ነዋ፣ አያ።"

"ፓምፑንስ የያዘው ማን ነው?"

"አያ፣ እናቴ እየሞተችብኝ ነው እኮ!"

"አብሽር" አሉ፣ ዓይናቸውን ከከመነዳሪው ሳይነቅሉ።

ዳር ላይ ሞከሩት። በስልቻው ልማድ በደረታቸው ቢተኙበት ከሥራቸው ተስፈንጥሮ ገለበጣቸው። ሸሸት ብለው ቢይዙት ደግሞ ሁለት ጊዜ አሽከርክሮ እኔው እግር ሥር መለሳቸው። "አየህ? ወደ ሾፌሩ ነው የሚመለሰው" አሉ ጺማቸውን እየጨመቁ።

ከዚያ ያደረጉትን ሳይ ላብድ ደረስኩ። የአየር ማስገቢያውን ፈቱና ያለውን ሁሉ አስወጡት፤ ሲወጣም ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። ቀጥለው አፋቸውን ገጥመው ይነፉት ጀመር። የጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ በሽማግሌ ትንፋሽ! ፀሐይ ከአናታችን ወርዳ ወደ ማዶው ገደል አዘቀዘቀች። ለመንኳቸው፣ አልሰሙኝም። በመጨረሻ ፈሪ ብዬ ሰደብኳቸው፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። እሳቸው ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ጠብቀው "ይህን ስድብ ማን አስተማረህ?" ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሲዝሉ ከመነዳሪውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። "እንካ፣ አንተም እፍ በልበት።" አያ ፈንታውን የሚያውቅ ይመስክር፤ ለማንም እንዲህ ብለው አያውቁም።

ሁለታችን ተጋግዘን ግማሹን ብንሞላው ነው። ለካ የበጀን ይኸው ነበር። ተወጥሮ የገለበጣቸው ነገር ሲላላ እንደ ስልቻው ደረታቸውን ተቀበለ። እሳቸውም ወደ ወገባቸው ክብደት ጨመር፣ እግራቸውን ዝቅ አድርገው ቀዘፉ። እኔ ክኒኑን በላስቲክ ጠቅልዬ አናቴ ላይ አስሬ፣ ጎናቸው ተለጥፌ ተሻገርኩ።

አያ ፈንታውም እስከ ቤት ተከተሉኝ። እናቴ ክኒኑን ዋጠች። ወዲያው "ምነው አያ ፈንታው፣ ልጄ ከቀትር ጀምሮ ማዶ ቆሞ ታየ ሲሉኝ ነበር፤ ምን አዘገያችሁብኝ?" አለቻቸው።

አያ ፈንታው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። "ብቻዬን ብሆን በሾፌሩ ትንፋሽም እሻገር ነበር። ልጅሽን ግን በማላውቀው ሰው ትንፋሽ ላይ አላስይዝም።"

እናቴ ዳነች። ዛሬም ወንዙ ዳር ስደርስ አያ ፈንታው "ማን ላከህ?" ይሉኛል። "ንግሥቴ" እላቸዋለሁ፤ እጃቸውን ይዘረጉልኛል።