ዶክተር «ስንል?»

ይታወቅ! ከካርቲየር አንድ ሰፈር እስከ ሀራሙስ ቪላዎች ያለህ የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ሁሉ፣ ሙቀቱ ያልጨረሰህን የሚጨርስ አንድ ሰው በመካከልህ እንዳለ ዕወቅ! ቁመቱ ከወንበር መደገፊያ ብዙም አይዘልም፤ ሸሚዙ በሁለት ቁጥር ይበልጠዋል። ማዕረጉ ግን ዶክተር፣ ስሙ ባንቲሁን፣ ሥራው በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ማስተማር ነው።

ቀላል ነገር ሲጠይቁት ከባድ ጥያቄ የሚመልስ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ልዩነቱ፣ የእኛው ተምሮበት ነው የሚያደርቀን። አያቱ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው ትኬት ይቆርጡ ነበር፤ «መቼ ይነሳል?» ሲባሉ በአንድ ቃል ይመልሱ እንደነበር ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ። አመሉ ከማን እንደመጣ እስከ ዛሬ አልተደረሰበትም።

የሚኒባስ ረዳት «ቡላኦስ ነው የምትወርደው?» ቢለው፣ «መውረድ ስንል ምን ማለታችን ነው?» ብሎ ጀመረ፤ ማብራሪያው ሳያልቅ ቡላኦስ አለፈ። ማዕከላዊ ገበያ ደግሞ ዓሣ ሻጯን «ትኩስ ነው?» አላት። «ትኩስ ነው» አለችው። «ትኩስ ስንል?» እስኪግባቡ ድረስ ዓሣው ትኩስ መሆኑ ቀረ።

የፍልስፍና ትምህርት ክፍሉ መምህራን ሦስት ናቸው። አቶ ጸሐዬ የሚመራመሩት ስለ ጊዜ ነው፤ በሰዓቱ ክፍል ገብተው አያውቁም። ኃላፊዋ መነን የምትመራመረው ስለ ትዕግሥት ነው፤ ይህን የመረጠችው ባንቲሁን ከመቀጠሩ በፊት ነው። የእሱ የምርምር ዘርፍ አይታወቅም። በየዓመቱ «ፍላጎትህን አሳውቅ» ሲባል «ፍላጎት ስንል?» ስለሚል፣ በድረ ገጹ ላይ ከስሙ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ባለፈው ረቡዕ የፋኩልቲው ዲን ሙሴ ዘከሪያ ድምፅ ከሚሰጡት ተወካዮች ጋር መጡ። የፍልስፍና ክፍል ይፍረስ፣ መምህራኑም ወደብ አስተዳደር ያስተምሩ ሊሉ ነው። ውሳኔው በዕለቱ ካልጸደቀ ወደሚመጣው ዓመት ይተላለፋል። መነን ጉልበቷን የጨረሰችበትን ክፍል ለማዳን የመከላከያ ንግግር አዘጋጅታ ጠበቀች።

እዚህ ስብሰባ በፈረንሳይኛ ይመራል፤ ቁጣው በሶማልኛ ነው፣ ሹክሹክታው በአማርኛ። ባንቲሁን እጁን ሊያወጣ ሲል መነን፣ «ባንቲ፣ በእናትህ፣ ዛሬን ብቻ!» አለችው።

ዲኑ ጀመሩ፤ «ይህ ክፍል ጥቅም የለውም።»

«ጥቅም ስንል፣ ሙሴ ዘከሪያ?»

መነን ዓይኗን ጨፈነች። ዲኑ ግን ኩሩ ሰው ናቸው፤ ተጠይቀው ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

«ጥቅም ማለት ለአገር የሚበጅ!»

«አገር ስንል?»

«ወደቡ ነዋ!»

«ወደቡ ባይኖር አገሩም የለም ማለት ነው?»

«መቼ ወጣኝ!» ላባቸውን ጠረጉ። «እንደገና ልጀምርልህ።»

እንደገና ጀመሩ። ከዚያም እንደገና። መነን ንግግሯን ልታነብ ብትነሳ ዲኑ ራሳቸው፣ «ቆይ አንዴ፣ ይህን ሰውዬ ላስረዳው!» ብለው አስቀመጧት። ጸሐዬ እንኳ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰዓታቸውን አዩ።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ከመንገዱ የጫት መኪና ጡሩምባ ተሰማ። እዚህ ከተማ ከዚያ ጡሩምባ በኋላ ሁሉም ወደ ጫቱ ስለሚሮጥ ምልዓተ ጉባኤ የሚባል ነገር የለም። ተወካዮቹ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። ዲኑም «አገር» የሚለውን ቃል ፍቺ በግማሽ ጥለው፣ የመኪና ቁልፋቸውን አንስተው ተከተሏቸው። ድምፅ አልተሰጠም። ክፍሉ አንድ ዓመት ዕድሜ አገኘ።

መነን ያላነበበችውን ንግግር አጣጥፋ ባንቲሁንን ትኩር ብላ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ሆን ብለህ ነው አይደል?»

«ሆን ብሎ ስንል…»

ሌላ ቀን ቢሆን በሩን በላዩ ትዘጋው ነበር። አሁን ግን ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። «እሺ፣ ምን ማለታችን ነው?»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዲኑ በሚመጣው ዓመት ተዘጋጅተው እንደሚመለሱ አትጠራጠር፤ ካሁኑ መዝገበ ቃላት ይዘው ታይተዋል። እስከዚያ የእኛ ሰው ምላስ መዶልዶም የለበትም። ሚኒባስ ውስጥ አጠገብህ ሲቀመጥ እንደ ልማድህ ፊትህን ወደ መስኮት አታዙርበት። «እንደምን ዋልክ?» በለው። «መዋል ስንል?» ይልሃል። ያን ጊዜ አደራህን፣ መውረጃህ ቢያልፍም እንኳ፣ «እሺ፣ ምን ማለታችን ነው?» በለው።