ከሃንጋሪ የመጣው ዝንብ

ሰው ቤት ስትሄዱ ከሁሉ የሚከብደው የማየት ነገር ነው። ግድግዳው ተሰንጥቆ ታያላችሁ፤ አላያችሁም። ባልና ሚስቱ ተኳርፈው ታያላችሁ፤ አላያችሁም። እኛ ዘንድ ጨዋ እንግዳ ማለት ዓይኑ ሁሉን የሚያይ፣ አፉ ግን ምንም ያላየ ነው። እኔ በዚህ የተካንኩ ይመስለኝ ነበር።

ያረጀሁት ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ ስሠራ ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው ብዙ አላወራም። አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጭነት እሸከም ነበር፤ ሻይ የምጠጣው በቲማቲም ጣሳ ነበር፤ ዝንብ ከገባበት በጣት ማውጣት ነው። ይኸው ይበቃል።

ባለፈው ዓመት ፋብሪካው ጥቂቶቻችንን ሃንጋሪ ላከን፤ የጥንት የፖርሰሊን ፋብሪካዎችን እንድንጎበኝ። የሽንት ቤት መቀመጫ የሚሠራ ሰው የሻይ ስኒ ሲሠራ ቢያይ ምን ይጠቅመዋል አትበሉኝ። እኔም አልጠየቅኩም፤ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ፋብሪካ ቅዳሴ ላይ የደረስን እስኪመስለኝ ጸጥ ያለ ነው። ሴቶች ተደርድረው፣ እንደ ሽፋሽፍት በቀጠነ ብሩሽ ቅጠል በቅጠል ይስላሉ። ኢሎና የምትባል ሽበታም ሠዓሊ ስኒ ውስጥ፣ ከአፉ ወረድ አድርጋ ቢራቢሮ ትስላለች። «ለምን ውስጡ?» ብዬ በአስተርጓሚ አስጠየቅኩ። ሳቀች። ስኒው ከእሳት ሲወጣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድፍ ከታየችበት አይጣልም አለች፤ ጉድፏ ላይ ቢራቢሮ ያርፍባታል። እኛ ዘንድ ጉድፍ ያለበት በመዶሻ ይሰበራል። ቢራቢሮ ብንስልበትስ ማን ደፍሮ ይቀመጥበታል?

ስንሰናበት አንድ ስኒ ሰጠችኝ። የእኔ ስኒ ጉድፍ ለቢራቢሮ ጠባብ ስለነበረች ዝንብ ሳለችባት። የክንፏ ጅማት ሳይቀር ይታያል።

ባለቤቴ ፀሐይ ስኒዋን ቡፌው ውስጥ ከፍ አድርጋ አስቀመጠቻት። ከዚያ የወጣችው፣ ልጃችንን ማርታን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቱሉ ዲምቱ፣ እኛ ቤት፣ የመጡ ዕለት ነው። ማርታ ልጁን ትወደዋለች፤ እኛም ወደነዋል። የቀረው የእሱ ዘመዶች እኛን መውደዳቸው ነው። በንጽሕና ደግሞ ቀልድ አያውቁም ተብለናል። ፀሐይ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ስትፈትግ ከረመች።

«እሺ» ካልን በኋላ ሻይ ቀረበ። የክብር ስኒዋ ለዋናው ሽማግሌ፣ ልጁን ላሳደጉት አጎቱ ለጋሽ ታዬ ተሰጠች። ጋሽ ታዬ አጋመሱና ቆም አሉ። ወደ ውስጥ አዩ። ስኒዋን ዘንበል አደረጉ። እፍ አሉ። ዝንቧ ንቅንቅ አላለችም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ግን ምን ልበል? ሰውየው አላየሁም ብለው ተቀምጠዋል፤ «ሥዕል ነው» ብላቸው ማየታቸውን ላጋልጥ ነው? ጋሽ ታዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨለጡት። ሲገልጡ ዝንቧ እዚያው ናት።

«ይድገሙ እንጂ ጋሼ!» አለች ፀሐይ።

«ኧረ በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ ምን ይደረጋል? ደገሙ።

በር ድረስ ስሸኛቸው አላስቻለኝም፤ የኢሎናን ነገር ነገርኳቸው። ቆመው ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ለልጁ ስል በሆዴ ይዤው ልሞት ነበር!» አሉና ደረጃው እስኪያስተጋባ ሳቁ።

ተራው ደረሰና ሳሪስ እሳቸው ቤት ተጠራን። ቤቱ ያበራል። ሻዬን ራሳቸው አቀበሉኝ። አጋመስኩና ወደ ስኒው ሳይ፣ ሻዩ ዳር፣ ስኒው ላይ የተለጠፈች ዝንብ! ሳቄን ዋጥኩ። ሽማግሌው ብድራቸውን ሊመልሱ የአገር ውስጥ ሠዓሊ ፈልገዋል ማለት ነው። ጠጋ አድርጌ አየኋት፤ ክንፍ፣ እግር፣ ጅማት፣ ምንም አልጎደላትም። ኢሎና ብታያት ብሩሿን ትጥል ነበር። በአገሬ ልጅ ኮራሁና ጨለጥኩት።

«እንዲህ ያለውን ከየት አገኙት?» አልኳቸው።

«ምኑን?» አሉ ጋሽ ታዬ፣ ከልባቸው።

ስኒውን አየሁ። ውስጡ ነጭ ነው፤ ምንም የለበትም።

«ሻዩን» አልኩ።

ባለቤታቸው ደስ አላቸው። ጀበናውን ይዘው መጡ... ይቅርታ፣ ማንቆርቆሪያውን፤ ዓይኔ በደንብ ማየት አቁሞ ነበር። «ከወደዱትማ ይድገሙ እንጂ! በሞቴ!»

ልጄን እየዳርኩ አይደለም? ደገምኩ።